እናቴን ያጠርኩ ጊዜ

የእናቴን ግቢ በብሎኬት ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልመከረኝም። ፕላኑን ራሴ ነደፍኩ፣ መሠረቱን ራሴ ለካሁ፣ ግንበኛውንም አናቱ ላይ ቆሜ እየነዘነዝኩ አሠራሁት። ሙያዬ ሕንፃ ነው። የሌላ ባለሙያ ስህተት መኪና ውስጥ ሆኜ ሳልፍ ይታየኛል፤ የራሴን ለማየት ግን ጊዜ ይፈጅብኛል። ይኼኛውን ለማየት ከዓመት በላይ ፈጀብኝ፤ እሱም ቢሆን አንድ ማንጎ መድረቅ ስለጀመረ ነው።

እናቴ የምትኖረው መርሳ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የመስኖ ቦይ የሚያልፍበት ሰፈር። እኔ የምሠራው ወልድያ ነው። በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፎ ብዙም የሚያስመርር መንገድ አይደለም፤ ቢሆንም ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር የሚይዘኝ ነገር አላጣም ነበር። ግቢዋ ሰፊ አይደለም። ከቤቱ ጀርባ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጥቂት ሸንኮራ፣ ሁለት ፓፓያና አንድ ዘይቱን አላት። በምሥራቅ በኩል ደግሞ አባቴ ከሲሪንቃ በችግኝ ያመጣው ማንጎ አለ። አባቴ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ማንጎው ግን ወቅቱን ጠብቆ ያፈራ ነበር። እናቴ የመጀመሪያውን ፍሬ ስትቆርጥ ሁልጊዜ «ይኸው፣ ላከልን» ትላለች።

ማንጎው የቆመው ከቅንጭብ አጥሩ ሥር ነው። ከአጥሩ ማዶ እትዬ ይኖራሉ። በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እትዬ ናቸው። ባለቤታቸው ግራና ገበያ እህል ይነግዱ ነበር። እሳቸውም ሞቱ፤ የእትዬ ልጆችም እንደ እኔ በየከተማው ተበተኑ። እናቴ ከአፏ ማርያም የማትጠፋ፣ እትዬ አምስት ወቅት ሶላት የማያጓድሉ ናቸው። ቅሬያቸው ግን አንድ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ ለቅሶው የማንም ይሁን የማን፣ ድንኳኑን የሚተክሉት ያው ሰዎች ናቸው።

ቅንጭቡ አንድ ሽንቁር ነበረው። ማን እንደከፈተው የሚያስታውስ የለም። ቀሚስ ሰብሰብ፣ አንገት ዝቅ ተደርጎ የሚታለፍበት ነበር። ልጆች ሳለን የቅንጭብ ወተት ዓይን ያጠፋል እያሉ ያስፈራሩን ነበር፤ በሽንቁሩ ዙሪያ ያለው ቅንጭብ ግን ከሰው መተላለፍ ብዛት ማቆጥቆጡን ትቶ እንደ እጀታ ለስልሶ ነበር። በዚያ በኩል ጨው ይሄዳል፣ ክብሪት ይመጣል፣ ወሬ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለፋሲካ እናቴ ያልታረደ ዶሮ ታሻግራለች። ለዐረፋ እትዬ ለእናቴ ለብቻዋ ቅቤ የገባበት ሽሮ ይሠሩላታል። የእትዬ ዶሮዎችም ማንም ሳይጋብዛቸው ይሻገሩና የእናቴን ጎመን ይጭሩባታል፤ እናቴ እርግማኗን ታወርድባቸውና መልሳ ጥሬ ትበትንላቸዋለች።

ሽንቁሩ አጠገብ፣ ከማንጎው ትይዩ በእትዬ በኩል፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። እትዬ ለሶላት ሲነሱ እዚያ ላይ ተቀምጠው በላስቲክ ማንቆርቆሪያ ውዱእ ያደርጋሉ፤ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ በመጨረሻም እግራቸውን ይታጠባሉ። ሲጨርሱ ወደ ሽንቁሩ ዞር ብለው «አለሽ?» ይላሉ። እናቴ ካለችበት ሆና «አለሁ» ትላለች። ሌላ ነገር አይጨመርበትም። የንጋቱን ሶላት ብንተወው፣ ያን ሰዓት ጎረቤት መቀስቀስ ነውር ነውና፣ ይኼ ነገር በቀን አራት ጊዜ ይደገም ነበር። እናቴ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩላትን ሰዓት አይታው አታውቅም። የማንቆርቆሪያው ውኃ ሲንቆረቆር ስትሰማ ወጧን ታወርዳለች።

ያ ክፉ ጊዜ፣ ጦርነቱ፣ ሲመጣ እኔ ሸሽቼ ሌላ ከተማ ነበርኩ። ስልክም መንገድም ተቋረጠ። ለወራት የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። ደህና ከሆነ በኋላ ስደርስ ሁለቱም ከስተው፣ ግን ደህና ሆነው አገኘኋቸው። እናቴ እንዳጫወተችኝ ያን ጊዜ ያለፉት አብረው ነው። በአንዱ ቤት ደጃፍ ሰው ሲሰሙ በሽንቁሩ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ያችኑ አንድ እፍኝ ቆሎ ይካፈላሉ፤ አንዷ ማርያምን፣ አንዷ አላህን እየለመኑ አንድ ፍራሽ ላይ ያድራሉ። ይኼን ሁሉ ነገረችኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቴ ግቢ ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው ሊገባ ይችላል። ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴን ደግሞ በማውቀው ነገር፣ በሲሚንቶ፣ ልመልስለት ተነሳሁ።

እናቴን ሳማክራት «አንቺ ካልሽ ደግ» አለች። እትዬን ባሕል በሚያዘው መሠረት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ድንበሩ ላይ በብሎኬት ላጥር ነው፣ ቅር ይልዎታል ወይ አልኳቸው። ምን ቅር ይለኛል፣ አላህ ያሳምርልሽ አሉኝ። ይባስ ብለው ሥራው ሲጀመር ለግንበኞቹ በየቀኑ ቅሪቦ እየጠመቁ በጆግ ያቀርቡ ነበር፤ አልኮል የሌለበት የገብስ መጠጣቸው በመርሳ ፀሐይ ሥር ለሚሠራ ሰው ነፍስ ነው። ግንበኞቹ በደስታ ጠጡ። እኔም ጠጣሁ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ስላለን አምላኬን አመሰገንኩ፤ አጥሩንም ገነባሁባቸው።

ቅንጭቡ ተነቀለ፣ መሠረቱ ተቆፈረ። ቁፋሮው ከማንጎው ግንድ ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም ነበር። ዛፉ ግን በእኛ በኩል ስለቀረ እንደ ትልቅ ውለታ ቆጠርኩት። ግንበኛው ጠፍጣፋውን ድንጋይ በዲጂኖ ፈንቅሎ ካቆመው በኋላ ይኼ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። «የማንም አይደለም፣ መሠረት ይግባ» አልኩት። እትዬ ጆጋቸውን ይዘው ቆመው ያያሉ። እናቴም ከበራፏ ላይ ሆና ታያለች። ሁለቱም ምንም አላሉም። እኔ በነጻ ጥሩ የመሠረት ድንጋይ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር።

አጥሩ ሲያልቅ ያምር ነበር፤ ይኼን አሁንም አልክድም። ውኃ ልኩ አንድ ጣት አልዛነፈም። በመንገዱ በኩል አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የላሜራ በር አስገጠምኩ። ቁልፉን ለእናቴ ስሰጣት እጇ ላይ ትንሽ መዘን አደረገችውና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ በኋላ ወልድያ ሆኜ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

አሁን እትዬ እናቴ ጋ መምጣት ሲፈልጉ በራሳቸው በር ወጥተው፣ ቦዩን ተሻግረው፣ መንገዱን ዞረው የብረት በር ማንኳኳት አለባቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግን ችግሩ ጉልበት ብቻ አልነበረም። በር አንኳኩቶ የሚገባ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ሻሹን ያስተካክላል፣ ባዶ እጁን አይመጣም፣ የሚመጣበትንም ምክንያት መንገድ ላይ ያዘጋጃል። የቤቱ ባለቤትም ወንበር ታወጣለች፣ ምን ላቅርብ ብላ ትጨነቃለች። ሽንቁሩ እያለ ሁለቱም ባለጌ መሆን ይችሉ ነበር፤ ቀሚስ እንደተገለበጠ፣ እጅ በሊጥ እንደተለወሰ፣ ለምንም ሳይሆን መሻገር ይቻል ነበር። ለምንም ያልሆነ መምጣት በብረት በር አይገባም። ይኼን የትኛውም መምህሬ አላስተማረኝም።

እትዬ መጀመሪያ በሳምንት፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ መምጣት ጀመሩ። እኔ ይኼን አላወቅሁም። በስልክ እትዬ እንዴት ናቸው ስላት እናቴ «ደህና ናት መሰለኝ» ትለኛለች። ከአንድ አጥር ማዶ ላለ ሰው «መሰለኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ እናቴ ራሷ መጉደል ጀመረች። ቃሪያው ሳይኮተኮት ከረመ። ሸንኮራው ወደቀ። ስደውል ተኝታ አገኛታለሁ፤ በጠራራ ፀሐይ። እህል አስጠላኝ ትላለች። ወልድያ አምጥቼ ሐኪም አየቻት፤ ደም ተለካ፣ ሽንት ታየ፣ ምንም የለም ተባለ። ሐኪሟ ብቻዋን ነው ወይ የምትኖረው ብላ ጠየቀችኝ። አጥር እንዳሠራሁላት ነገርኳት። ይኼን መልስ ሳስታውሰው አሁንም ፊቴ ይቀላል።

ስለዚህ ወሰንኩ። እናቴን ወልድያ፣ እኔ ጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላመጣት። የመርሳው ቤት ይከራያል። በስልክ ስነግራት ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እናቴ በሕይወቷ አንድም ነገር በመጀመሪያው ቃል እሺ ብላኝ አታውቅም። ያን ቀን ግን «እሺ» አለች። ፈጽሞ ያላሰብኩት ነገር ነው፤ ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። እሺ ያለችው ተስፋ ቆርጣ እንደሆነ ሆዴ ነግሮኛል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ልወስዳት ተቀጣጠርን። ሻንጣ ገዝቼ ላክሁላት።

አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ማንጎው እየደረቀ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ትቼው መሄድ አይሆንልኝም፣ የሚያውቅ ሰው አምጥተሽ አሳይልኝ አለች። በፍራፍሬ ልማት የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረኝ። በጾሙ አጋማሽ አንድ እሑድ ይዤው ሄድኩ።

ማንጎው በምሥራቅ በኩል ያለው ግማሹ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ተጠቅልሎ ነበር። የቀረው ግማሽ ገና አረንጓዴ ነው። ጓደኛዬ ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ከአጥሩ ሥር ተንበርክኮ በዶማ ጫር ጫር አደረገ። የተቆረጡ ሥሮች ብቅ አሉ፤ አንዳንዱ የእጅ ክንድ ያክላል። የቆረጣቸው የእኔ መሠረት ነው። እሱ ግን ሥሮቹን ካየ በኋላ ሌላ ነገር ጠየቀ።

«በዚያ በኩል ውኃ የሚያጠጣው ማን ነበር?»

«ማንም» አልኩት። «ማዶው የሰው ግቢ ነው።»

«ማንም ሊሆን አይችልም። ሥሩ አብዛኛው የሄደው ወደዚያ ነው። በበጋም በክረምትም ሳይጓደልበት ሲጠጣ የኖረ ዛፍ ነው። አሁን ሥሩም ተቆርጧል፣ ውኃውም ቀርቷል።»

እናቴ በራፏ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። «የውዱእ ውኃ ነው» አለች።

ጓደኛዬ አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ። በቀን አምስት ጊዜ፣ በድርቁም በዝናቡም፣ የእትዬ እጅና እግር የታጠበበት ውኃ ከዚያች ድንጋይ ላይ እየወረደ የአባቴን ማንጎ ሲያጠጣ ኖሯል። እትዬ ዛፍ አጠጣሁ ብለው አስበው አያውቁም። እኛም ማን አጠጣው ብለን አናውቅም። ድንጋዩን መሠረት ይግባ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጓደኛዬን ከሸኘሁ በኋላ እናቴ ላይ ጮህኩባት። ጥፋቴ ሲገለጥ የምጮኸው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ ይኼ የቆየ አመሌ ነው። ድንጋዩን ሳነሳ ቆመሽ እያየሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«እሷ ዝም ስትል እኔ ምን ልበል?» አለችኝ። «ቅሪቦ ታቀርብ አልነበር? ደስ ያላት መሰለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የኔን ልፍለፋ ስትሰማ ሰልችቷት ይሆናል፣ እፎይ ብላ ይሆናል አልኩ። እኔስ ታዲያ ሰው አይደለሁ? ተከፋሁ።» ከዚያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

ወጣሁና ወደ እትዬ ሄድኩ። በልማድ እርምጃዬን ቆጠርኩ፤ ከእናቴ በራፍ ተነስቼ በመንገድ ዞሬ እትዬ በራፍ እስክደርስ ሁለት መቶ አለፈ። በሽንቁሩ ቢሆን ዐሥራ አንድ ነበር። እትዬ ሲያዩኝ ተነሱ፣ ምንጣፍ ልዘርጋ አሉ፣ የሚጠጣ ይምጣ አሉ። እንግዳ አደረጉኝ። ያጠቡኝ፣ ያጎረሱኝ ሴትዮ ናቸው። መቀመጥ አቃተኝ፤ እንደቆምኩ የማንጎውን ነገር ነገርኳቸው።

ያነሱትን ምንጣፍ መልሰው አስቀመጡ። ቀጥለው «ወላሂ፣ እናትሽ እኔ የከበድኳት መስሎኝ ነው» አሉ። «የልጅ ልጆቼ ሲመጡ ይንጫጫሉ። ዶሮዬ ጎመኗን ይጨርሳል። ልጇ የተማረች ናት፣ እናቷ ብትነግራት ነው አስባ ያጠረችው አልኩ። እንግዲህ የሰው አጥር ነው፤ ምን ብዬ ልናገር?»

«ድንጋዩን ሳነሳስ እትዬ? ድንጋዩ እኮ የእርስዎ ነበር።»

«እሱስ ልቤን ነካው» አሉ፤ ዓይናቸው ከመሬት አልተነሳም። «ከዚያ ወዲህ አለሽ ብዬ አልተጣራሁም። ማንን ልጣራ? ግድግዳውን?»

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ይዤ አለቀስኩ። አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ እያሉ ራሴን ዳበሱኝ። እናቴና እሳቸው ከዓመት በላይ ጀርባና ጀርባ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ሌላዋን ላለማስቀየም ብለው ተቀያይመው ኖሩ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ቅሪቦ እያቀረበ። እኔ ደግሞ መለኪያ ሜትሬን ይዤ መሐላቸው ቆምኩ።

ስረጋጋ ሙያዬ ተመለሰብኝ። አጥሩ ላይ ትንሽ የእግር በር አወጣለሁ፣ ቆንጆ አድርጌ፣ መቀርቀሪያው በሁለቱም በኩል የሚከፈት አልኳቸው። በጣቴ አየር ላይ እየነደፍኩ አስረዳኋቸው።

«በር ከሆነ ይቅር» አሉ እትዬ።

«ለምን እትዬ?»

«በር ካለ ማንኳኳት አለ። ካንኳኳሁ ያው እንግዳ ነኝ። ልታፈርሺው ከሆነ እንደ ድሮው ሽንቁር አድርጊው፤ ካልሆነ እንዳለ ይሁን።»

ዐሥራ ስንት ዓመት በሠራሁበት ሙያ እንደዚህ ግልጽ መመሪያ የሰጠኝ ባለጉዳይ የለም።

በሳምንቱ ያንኑ ግንበኛ አመጣሁ። ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «ኢንጂነር፣ ስሠራ ቆመሽ ነዘነዝሽኝ፤ ስንደውም ልትነዘንዢኝ ነው?» አለኝ። ነዘነዝኩት። ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ፣ ከማንጎው ትንሽ ፈቀቅ ያለ፣ ጠርዙ ቀሚስ እንዳይይዝ በሲሚንቶ የለሰለሰ ክፍተት አወጣን። ከታች መሠረቱ ጋ ስንደርስ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቅ አለ። ላውጣው ብሎ በዲጂኖ ሞከረ፤ ሲሚንቶ ይዞታል፣ አልነቃነቅ አለ። እትዬ መጥተው አዩት። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጠረጉት፤ ተቀመጡበት፤ ቁመቱን ለኩት መሰለኝ። ይበቃል፣ እዚሁ ይሁን አሉ። ድንጋዩ አሁን የተጋደመው በክፍተቱ ልክ፣ ወዲህም ወዲያም ሳይሆን ነው። ከላዩ ተቀምጦ የሚታጠብ ሰው ውኃው ወደ ማንጎው ይወርዳል።

ጓደኛዬ የደረቀውን ቅርንጫፍ ከርክሞ ቆረጠ፤ ሥሩን ገለባ አለበሰ። ቃል አልገባልንም። ጠብቁ ብቻ አለ።

ወልድያ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ፕላን ይጠብቀኝ ነበር። ሠርቼ የጨረስኩት ነው። ባለጉዳይ የሚቆምበት ቦታ ላይ በሽቦ የታጠረ የአበባ መደብ ነድፌ ነበር። ለዓይን ያምራል፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን የለም። ፕላኑን ይዤ ግቢው ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ሰዎች በአንዲት ግራር ጥላ ሥር ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ከገጠር የመጣች ሴት ለማታውቃት ሴት ማመልከቻዋን ታሳያለች፤ ያቺኛዋ ደግሞ የትኛው ክፍል እንደምትገባ ትነግራታለች። በፕላኔ ላይ ግራሩ የሚቆረጥ ነበር። ሽቦውን ሰረዝኩ፣ ግራሩን መለስኩ፣ ዙሪያውን የሚያስቀምጥ የድንጋይ ጠርዝ ሰጠሁት። ባልደረቦቼ ምን ነካት ተባባሉ። አሁን አዲስ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ሰው በየት እንደሚያልፍ አያለሁ፤ ሜትሩ ከዚያ በኋላ ይወጣል። አንዳንዶቹ ሰነፍ ሆነች ይሉኛል።

የቀጠሯችን ቅዳሜ ደረሰ። ክፍሉን ቀለም አስቀብቼ፣ አልጋ ዘርግቼ፣ ዕቃ የሚጭን መኪና ይዤ መርሳ ወረድኩ። እናቴ ሐሳቧን እንደቀየረች አልነገረችኝም ነበር። በየቀኑ ስደውል ግን ስልኩን ማንሳት መርሳት ጀምራለች፤ ይኼ ደግሞ አስፈርቶኛል።

አረንጓዴው በር ተቆልፏል። አንኳኳሁ፤ ዝም። በድንጋይ መታሁት፤ ዝም። ስልኳን ደወልኩ፤ ከቤት ውስጥ ሲጠራ ይሰማኛል፣ የሚያነሳው የለም። ሾፌሩ ምን ሆነሻል አለኝ። ወድቃ ይሆናል አልኩ። ራሴ ባስገጠምኩት በር እናቴን ቆልፌ ገደልኳት አልኩ። ሁለት መቶውን እርምጃ ሮጥኩት። የእትዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው የለም። ግቢያቸውን አቋርጬ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ በሽንቁሩ ገባሁ።

ሁለቱም ቃሪያው መደብ ላይ ጎንበስ ብለዋል። እናቴ እስከ ክርኗ ጭቃ ናት። የቃሪያ ችግኝ ስንት ጣት ተራርቆ ይተከል በሚለው ላይ እየተጨቃጨቁ ስለነበር የብረቱን በር ቀርቶ መድፍም አይሰሙ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ከየት ገባሽ?» አለችኝ እናቴ።

«በእትዬ በኩል። በሩ ተቆልፏል።»

«ታዲያ መግቢያው እሱ አይደል?» አለችና ወደ ችግኟ ተመለሰች።

ወደ ቤት ገብቼ ሻንጣውን ፈለግሁ። አልጋው ሥር ተከፍቶ አገኘሁት። ገለባ ተነጥፎበታል፤ ውስጡ የእትዬ ቀይ ዶሮ ታቅፋ ተኝታለች። ስጠጋት ላባዋን ነፋች። ወጥቼ እናቴን አየኋት፤ አየችኝ። «እንግዲህ እስክትፈለፍል ነው» አለች። ከፈለፈለች በኋላ ደግሞ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ እንደሚባል፣ ከዚያ ማንጎው እስኪደርስ እንደሚባል ገባኝ። ሳቄ መጣ፤ እትዬም ሳቁ። ሾፌሩን ይቅርታ ጠይቄ ባዶውን ሸኘሁት።

ማንጎው በተቆረጠበት በኩል አዲስ ቅጠል ጀምሮ ነበር፤ ማንጎ ሲያቆጠቁጥ እንደሚሆነው ቀላ ያለ፣ ለስላሳ። ብዙ አይደለም። ዘንድሮ በዚያ በኩል ፍሬ እንደማይኖር እናውቃለን። እናቴ ቅጠሉን በጭቃ እጇ ሳትነካ፣ በአገጯ አሳየችኝ።

የዐስር ሶላት ሲደርስ እትዬ እጃቸውን ከጭቃው አራግፈው ተነሱ፤ ማንቆርቆሪያቸውን አምጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። ውኃው በገለባው ሥር ሰረገ። ሲጨርሱ ዞር አሉ። እናቴ ሦስት እርምጃ አትርቃቸውም፤ ፊት ለፊት ነው የምትታያቸው።

«አለሽ?» አሉ።

«አለሁ» አለች እናቴ።

የብረት በሩን ቁልፍ የት እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።